ለሐጂ የፈጠርኩላቸው ወፍ

አሰላ ውስጥ መጋቢት ሲገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጭላሎን ያያል። ተራራው ደመና ከደፋ በልጉ ደረሰ ማለት ነው፤ ካልደፋ ደግሞ ሻይ ቤቱም ባጃጁም ወሬው ሁሉ ስለ ዘር ይሆናል። እኔም እንደ ሰዉ አይ ነበር። አሁን ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የምሄደው። ምክንያቱ እፍኝ የማትሞላ አንዲት ወፍ ናት። በወፏ ላይ እንኳ ማላከክ አይገባኝም፤ ምክንያቱ ስለ እሷ የተናገርኩት ነገር ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ጎኔ ያለው ቤት ተሸጠና አዲስ ጎረቤት መጣ። ሐጂ እንላቸዋለን፤ መካ ደርሰው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በእህል ንግድ ነው። ከበቆጂ ገብስ፣ ከሁሩታ ስንዴ ሲሰበስቡ ኖረው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መጋዘናቸውን ዘግተው ከባለቤታቸው ጋር አሰላ ገቡ። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም ነበር። ጣታቸው ግን ያያል። አንድ እፍኝ ገብስ ዘግነው አሸት አሸት ያደርጉና የየት አገር እንደሆነ ይናገራሉ፤ ተሳስተው አላየሁም።

በሁለታችን ግቢ መካከል የጽድ አጥር ነበር። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። ሁለት ሰው ቁመት ያለው፣ ውስጡ የተቆላለፈ፣ ድመት እንኳ በግድ የምታልፍበት አሮጌ አጥር ነው። መሀሉ ላይ ባለቤቴና ባለቤታቸው ጨውና ወሬ የሚቀባበሉባት አንዲት ክፍተት አለች። ወፎቹ የሚያርፉት እዚያ አጥር ውስጥ ነው። ኅዳር ላይ ይመጡና ድምፃቸውን አጥፍተው ይከርማሉ፤ ሁለት ጠጠር ሲጋጭ እንደሚሰማው “ጭክ፣ ጭክ” ብቻ ነው የሚሉት። የካቲት ሲጋመስ መዘመር ይጀምራሉ። መጀመሪያ ለራሳቸው የሚያጉረመርሙ ይመስላሉ፤ መጋቢት ላይ ግን ጉሮሯቸውን ከፍተው ይለቁታል። ሚያዝያ ገባ ሲል አንድም አይቀር።

ሐጂ በመጡበት ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ እሳቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ። ዘጠኝ ሲሆን ሽሮዬን በልቼ፣ አፌን በደንብ ጠርጌ፣ ወንበሬን ይዤ ወደ ክፍተቷ እሄዳለሁ። እሳቸው በወዲያ በኩል በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ከዚያ እስከ መግሪብ ወፍ እንሰማለን። የሚሰሙት እንኳ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ስልኬን ነው የማየው።

“ዓይን በነበረኝ ጊዜ የማየው ጆንያ ብቻ ነበር” አሉኝ አንድ ቀን። “ይሄን ፍጥረት አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ሜ ንገረኝ መምህር፣ ምን ትመስላለች?”

ንግግራቸውን ሁሉ በኦሮምኛው “ሜ” ይጀምራሉ፤ “እስቲ” ማለታቸው ነው። ቀና አልኩ። ወፏ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ትዘላለች።

“ራሷ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋች ትመስላለች” አልኳቸው። ይሄ እውነት ነው።

“ደረቷስ?”

እሱን ሲጠይቁኝ ዓይኔ ወደ ስልኬ ተመልሶ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች የማያገባኝን ነገር ይዘው ሲሰዳደቡ እያነበብኩ ነበር። “ቀይ ነው” አልኩ። ለምን ቀይ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ግራጫ ለማለት አንድ ጊዜ ቀና ማለት ነበረብኝ፤ እሱን ሰነፍኩ።

ሐጂ ጭናቸውን መቱ። “አላልኩም! ወላሂ፣ ይሄ ድምፅ ከተራ ደረት አይወጣም ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ! ቀይ እንዴት ያለ? እንደ በርበሬ ነው ወይስ እንደ ደም?”

እዚያ ላይ “ይቅርታ ሐጂ፣ ተሳስቼ ነው” ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። አላልኩም። የሽማግሌውን ደስታ ላለመንፈግ ብዬ ነው ማለት ይቀናኛል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አፌን እያየ የሚያዳምጠኝ ሰው አጥቼ ነበር፤ ሐጂ ደግሞ ዓይን ሳይኖራቸው አፌን ያዩ ነበር። ጣመኝ።

“እንደ በርበሬ” አልኩ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ። በማግስቱ ሐጂ ከመቀመጤ “ቀይዋስ?” አሉኝ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ሁሉ እንዲሁ ሆኑ። በዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ጨመርኩላት። ጅራቷን እንደ ማራገቢያ ዘረጋሁላት። በሁለተኛው ዓመት ባል ሰጠኋት፤ እሱን አረንጓዴ አደረግሁት። ሐጂ አንዷንም አልረሱም። እኔ ያልኩትን ስረሳ “ነጭ ቀለበቱ የግራ ዓይኗ ላይ ይሰፋል አላልከኝም?” ብለው ያርሙኝ ነበር። ተማሪዎቼ እንዲህ ቢያዳምጡኝ ኖሮ አገሩ በጂኦግራፊ ሊቅ በተጥለቀለቀ።

ከነገርኳቸው ሁሉ ያላመኑኝ አንዱን ብቻ ነው። እነዚህ ወፎች ሚያዝያ ላይ ተነሥተው ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ እስከ ሰሜን አውሮፓ ይደርሳሉ አልኳቸው። ሐጂ በርጩማቸው ላይ እስኪንገዳገዱ ሳቁ። “አቦ ተው መምህር! እኔ በአውሮፕላን ጅዳ ደርሼ ስመለስ ወገቤ ለወር ታሞ ነበር። ይቺ ሲምቢሮ ባሕር ልትሻገር?” አሉኝ። ሲምቢሮ ወፍ ማለት ነው። መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው ብዬ ብምል ብገዘት አልሰሙኝም። ከጥቁር ቆቡ ሌላ እውነት የተናገርኩት እሱን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሐጂ በክፍተቷ በኩል እጄን ያዙኝ። ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ከሌላ ከተማ ሊመጡ ነው፤ ልጃቸው አስመዝግባቸዋለች፤ ኢድ ባለፈ በሳምንቱ ተራቸው ይደርሳል።

“አንድ ዓይኔ እንኳ ቢመለስ ይበቃኛል። ኢንሻአላህ፣ መጀመሪያ የባለቤቴን ፊት አያለሁ። ቀጥዬ እዚህ እመጣና ቀይዋን አያለሁ። እስከዚያ አይሄዱም አይደል?”

“አይሄዱም” አልኩ። እውነት ለመናገር አሥር ቀን ያህል ነበረኝ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ “ዛሬ እነግራቸዋለሁ” ብዬ ወንበሬን አነሣለሁ፤ ሐጂ “መምህር” ብለው ሲጠሩኝ ያንኑ የቀይዋን ወሬ እቀጥላለሁ። እሳቸው ፊት መዋረዱን ፈራሁ። የስድሳ አምስት ዓመት ሰውዬ፣ በአንድ ወፍ ደረት።

ያኔ ነው የልጄ ሠርግ የታየኝ። በጾም ሠርግ የለም፤ የእኛም ሠርግ ለዳግማይ ትንሣኤ ነበር የተቆረጠው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ደንብ አለ፤ ሠርግ ያለበት ሰው ግቢው ከጠበበው የጎረቤቱን አጥር ከፍቶ ድንኳኑን በሁለቱ ግቢ ላይ ይዘረጋል። ለሠርግ አጥር የከለከለ ጎረቤት አይታወቅም፤ አጥር ከሌለ ደግሞ የሚታይ ወፍ የለም። ለሐጂ ነገርኳቸው።

“ምን ጥያቄ አለው፣ ልጃችን አይደለች እንዴ?” አሉ። “ግን የሠርጉ ሳምንት አድርገው። ዓይኔ ተፈትቶ እስካያት ድረስ አትንካብኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንህም” አሉኝ።

“እሺ” አልኳቸው። እሺ ብዬ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

ለድንኳን የሚከፈት አጥር እንደ በር ሰፋ ተደርጎ ይከፈታል እንጂ ከሥሩ አይጨፈጨፍም። ሐጂ ቀዶ ሕክምናው በሚደረግላቸው ዕለት ጠዋት፣ ገና ልጃቸው ደግፋ ከግቢ ስታወጣቸው፣ እኔ ሦስት ጎረምሳ ምሳርና መጋዝ አስይዤ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ ከቤት ወጥታ “አንተ ሰው፣ ሠርጉ እኮ ገና ነው፤ ምን አስቸኮለህ?” አለችኝ። “የወንድ ሥራ ውስጥ አትግቢ” አልኳት። እንዲህ ያለ ንግግር ከእኔ ሰምታ አታውቅም፤ አየት አድርጋኝ ገባች። ጽዱ በየምሳሩ ምት ሲወድቅ ወፎቹ “ጭክ፣ ጭክ” እያሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸሹ ነበር። የሚሸሹበት ሲያልቅ ሄዱ። እስከ ስድስት ሰዓት ጉቶ ብቻ ቀረ።

ፋሻው በማግስቱ ተፈታ። ከቀትር በኋላ ሐጂ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወደ ጓሮ መጡ። ቤት ገብተው እንኳ አላረፉም። እኔ ጉቶው ዳር ቆሜ ነበር። ወጥቼ መሄድ ስችል ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ቀኝ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ያለቅሳል፣ ግን ያያል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“አንተ ነህ መምህር?”

“እኔ ነኝ ሐጂ። እንኳን ለብርሃን አበቃዎት።”

“በድምፅህ ረጅም መስለኸኝ ነበር” አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ጉቶውን አየ። ሳቃቸው ቆመ።

“አጥሩ ነው ይሄ?”

“ለሠርጉ ብዬ... ልጆቹን ያገኘኋቸው ትናንት ብቻ ስለነበረ...” አልኩ። አረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም፤ መጨረሻም አልነበረው።

“ወፎቹስ?”

“ዘንድሮ ቀደም ብለው ሄደዋል። ከመቁረጤ በፊት ነው የሄዱት።”

ይሄን ብዬ አፌን ሳልገጥም ነው አንዷ የመጣችው። ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ልብስ የምናሰጣበት ሽቦ ላይ ከሐጂ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ አረፈች። ጥቁር ቆብ፣ ግራጫ ደረት፣ ቀጭን እግር። ሳትዘምር ጉቶውን ወዲያና ወዲህ እያለች ታያለች። ሐጂም አዩዋት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ በአዲሱ ዓይናቸው፣ አተኩረው አዩዋት።

“ይቺስ ምንድን ናት?” አሉኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። “እሷ ናት” ብል ቀይ ደረት፣ ነጭ ቀለበት፣ አረንጓዴ ባል፣ ሁሉም እዚያው ይፈርሳል፤ እኔም አብሬ። ግን ያያሉ! ሦስት በልግ የሰሟትን ወፍ አይተው ይገባሉ።

“ይቺማ ተራ ወፍ ናት ሐጂ” አልኩ። “ሌላ ናት።”

“አሃ” አሉ። ፊታቸውንም አዞሩ። ተራ ወፍ ናት ከተባለ ምን ያዩዋታል? ወፏ ትንሽ ቆይታ በረረች። ብዙ ነገር አጥፍቻለሁ፤ ልጅ ገርፌያለሁ፣ ሰው አስቀይሜያለሁ። የዚያችን ደቂቃ ያህል ግን ያፈርኩበት የለም።

ሐጂ ስለ አጥሩ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ሠርጉ ላይ አጥሩ በነበረበት ቦታ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ልጄን መረቁልኝ። ምርቃታቸው ረጅም ነበር፤ እኔ አሜን የምልበት አፍ አጣሁ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የደረት ብርድ ጠናባቸውና፣ ሐኪም ቆላ ይሻልዎታል ስላላቸው፣ ዴራ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ቀሩ። ቤታቸውን የተከራየው ሰው መሀላችን ላይ ቆርቆሮ መታበት። እኔ ከቆርቆሮው ሥር አሥር የጽድ ችግኝ ተከልኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ጽድ አጥር እስኪሆን እኔ አልኖርም።

ለገና ሰሞን ዴራ ወርጄ ጠየቅኋቸው። ሁሉን ልናዘዝ ቆርጬ ነው የሄድኩት። መኪና ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። ሁለት ኪሎ የተፈተገ ገብስ ይዤላቸው ነበር። ሐጂ ተቀበሉኝና፣ አሁን ዓይን እያላቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘገኑት። “በቆጂ” አሉ። ከዚያ ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ ጠሩ።

“ኑ እዩት” አሏቸው። “ዓይኔ የነበረው ሰው ይሄ ነው።”

ልጆቹ ተራ በተራ እጄን ጨበጡኝ። ትልቋ፣ አሥረኛ ክፍል ናት አሉኝ፣ “ስለ ባለ ቀይ ደረቷ ለአያታችን የነገሯቸው እርስዎ ነዎት?” አለችኝ። ሐጂ ቤተሰቡን ሁሉ አስተምረውታል። እዚያ ሰው ሁሉ ፊት የተለማመድኩትን ንግግር ትቼ “አዎ፣ እኔ ነኝ” አልኳት።

“እዚህ በየቀኑ ጠዋት ወጥቼ እፈልጋለሁ” አሉኝ ሐጂ። “ስንት ወፍ አየሁ መሰለህ! ሰማያዊ አለ፣ ቢጫ አለ። ቀይ ደረት፣ ጥቁር ቆብ ያላት ግን አጣሁ። ቆላ አይወርዱም መሰለኝ?”

“አይወርዱም” አልኩ።

“እንዲያ ከሆነ መጋቢት ላይ መዘመር ስትጀምር ደውልልኝ። ለአንድ ቀን እመጣለሁ። ብርዱን እችለዋለሁ።”

እደውላለሁ ብዬ ማልኩ። በመሐላ ማጠርስ መቼ አጥሬ አውቃለሁ!

ዘንድሮ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ይሰማኛል። ከጓሮዬ ባሻገር ካለው ግቢ ውስጥ ወይራ አለ፤ አንዷ እሱ ላይ ሰፍራለች። ጠዋትም ማታም ትዘምራለች። ስልኬን በየቀኑ አወጣና መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ። ብጠራቸው ይመጣሉ፤ ቢመጡ ያዩዋታል፤ ቢያዩዋት ደረቷ ግራጫ ነው። ሽቦው ላይ አይተው ፊታቸውን ያዞሩባት እሷ እንደነበረች ያን ጊዜ ያውቃሉ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ እሳቸው ደወሉ። ጓሮ ቆሜ ችግኞቹን ውኃ እያጠጣሁ ነበር። አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ያው የድሮው ሰዓታችን።

“መምህር፣ ደህና ነህ? ቤት ሁሉ ሰላም ነው? ሜ ንገረኝ፣ መጣች?”

“ገና ናት ሐጂ” አልኩ። “ዘንድሮ ዘገየች።”

ይሄን ስል ከወይራው ላይ ጀመረች። መጀመሪያ እንደ ማጉረምረም፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ከፍታ። ስልኩን በመዳፌ ልጋርደው አሰብኩ፤ ግን እጄ ውኃ መቅጃውን እንደያዘ ቀረ። ሐጂ ዝም አሉ። መስመሩ እንዳልተቋረጠ በትንፋሻቸው አውቃለሁ፤ ደረታቸው አሁንም ሲር ሲር ይላል። ዓይን ሳይኖራቸው ሦስት በልግ ሙሉ ያንን ድምፅ ያዳመጡ ሰው ናቸው። ከሺህ ወፍ መካከል ይለዩታል። አዳመጡ። እኔም አላቋረጥኳቸውም። ዘምራ ዘምራ ስትጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እሺ፣ መምህር” አሉኝ። “ደህና ዋል።”

ከዚያ ወዲህ አልደወሉም።